የዋኘው ግቢ

ልጄን ሳይሞት ያስቀበረው የወንድሜ የደመቀ ልጅ አንዱዓለም ነው። ስሙን ከመጀመሪያው የጻፍሁት የሚያነብ ሰው እስከ መጨረሻው ጥፋተኛ እንዳይፈልግ ነው። ኮሶዬ ላይ ሰው ሁሉ እኔን ግትር፣ ልቧ የደነደነ ይለኛል። እርሱ ደግሞ ባለበት አገር የተከበረ ደራሲ ነው ይላሉ። ደብዳቤዎቹ እነሆ። ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ስለሆነ መጀመሪያ በረቂቅ እጽፋለሁ፤ የእኔም ቃል ስለዚህ እጄ ላይ ቀርቷል። አንብባችሁ ፍረዱ።

*

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ እጅጋየሁ ዋኘው፣

የኮሶዬ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? አባቴ ካረፈ ወዲህ በዚህ ምድር ላይ የአባቴን ድምፅ የያዙ እርስዎ ብቻ ነዎትና እድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም አለ፣ ጤናም አለ።

እናቴ ማንበብና መጻፍ መማርዎን ስትነግረኝ ማመን አቃተኝ። ኢንተርኔቱ እናንተ ዘንድ እንደተቋረጠ ስለሆነ ይህን በወረቀት ጻፍኩ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይዞልኝ ይሄዳል፤ ከዚያ ጎንደር ለእናቴ ይደርሳታል፤ እርሷ ደግሞ በደባርቅ መኪና ትልክልዎታለች።

አንድ ትልቅ ነገር ጀምሬያለሁ። ሁለተኛው መጽሐፌ ከታተመ በኋላ ብቻዬን መጻፍ ሰለቸኝና ድረ ገጽ ከፈትኩ። ሰው በስልኩ የሚገባበት ቤት ነው ይበሉት። ስሙን በአያቴ ስም «የዋኘው ግቢ» አልኩት። እልፍኙ የእኔ ነው፤ ልብ ወለዶቼን አስቀምጥበታለሁ። አዳራሹ የእንግዳ ነው፤ ግጥም የሚጽፍ፣ ሥዕል የሚሥል፣ ዜማ የሚያወጣ ሁሉ ሥራውን ይዞ ይገባል። ከዛፉ ሥር ደግሞ ሰዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀጥላል። ከካናዳም ከቤይሩትም የሚመጡ አሉ። አያቴ በሩን ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት አድርጎ ኖሮ የለም?

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እርስዎ ለቅሶ ቤት ገብተው ቃል ሲያወጡ ወንዱም ሴቱም እንደሚያነባ ከልጅነቴ አስታውሳለሁ። ከቃልዎ ጥቂት ይጻፉልኝ። ግቢው ያለ እርስዎ ባዶ ነው።

የሚወድዎት፣
አንዱዓለም ደመቀ

*

ኮሶዬ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለአንዱዓለም፣

የሰው አገር ብርድ አጥንትህ አይግባ። የምትወጣበትን የምትገባበትን ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቅልህ። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ማንም ሳያግዘኝ አነበብሁት፤ ለማንበብ ከቁርስ እስከ ምሳ ወሰደብኝ እንጂ።

በአባቴ ስም ግቢ መክፈትህን ሰማሁ። ሸጋ ነው። ያኛውን ግቢ እኔ ነኝ የምጠርገው፤ የድንጋዩ ካብ በምሥራቅ በኩል ፈርሷል። አባቴ በሩን ለሰው ሁሉ ክፍት ያደርግ ነበር ያልኸው እውነት ነው። ነገር ግን ውሻም ነበረው። የገባውን ሰው ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ሳይል አያስቀምጥም። አንተ ይህን ለማየት አልደረስህም።

ፊደል የቆጠርሁት ለምን እንደሆነ እናትህ አልነገረችህም መሰለኝ። ልጄ ሰውአገኝ በ2015 መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሳንጃ ወረደ። ከእርሱ ጋር የወረዱት ተመለሱ፣ እርሱ አልተመለሰም። አንዱ ወደ ሱዳን ተሻገረ አለ፣ አንዱ አላየሁትም አለ። ከዚያ ሱዳን ላይ ጦርነት ተነሣ። ምናልባት አንድ ቀን ወረቀት ቢልክ፣ ለጎረቤት አስነብቤ ምሥጢሩን እንዳላወጣበት ብዬ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ከጎልማሶች ጋር ትምህርት ቤት ገባሁ። እስካሁን ያነበብሁት ወረቀት ያንተ ብቻ ነው።

ሚስቱ ፅዮን ከእኔ ጋር ናት። ልጃቸው ጸሎት ጥርሷን እየነቀለች ነው።

የለቅሶ ቃል ላኪልኝ ብለሃል። ለአንድ ሟች ያወጣሁትን ለሌላ አልደግምም፤ ከሰውየው ጋር አፈር ይገባል። ስለዚህ የምልክልህ የለቅሶ አይደለም። ሽሮ ስፈጭ፣ ውሃ ስቀዳ ለልጄ የማንጎራጉረውን ነው፦

ሰሊጡ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ተጫነ፣
የላክሁት አጫጅስ ወዴት ላይ ባከነ።

ሞተ አላሉኝ እንዳለቅስ፣ አለ አላሉኝ እንድሥቅ፣
መሐል ላይ ቆሜያለሁ በር ይዤ ስጠብቅ።

ከደብዳቤው ጋር ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ለጥምቀት ጎንደር ወርዶ የተነሣው ነው፤ ሌላ የለኝም። ከካናዳም ከቤይሩትም ሰው ይገባል ካልህ፣ ከሱዳን የሚገባም አይጠፋም። ፎቶውን በርህ ላይ አድርግልኝ። «ይህን ሰው ያያችሁ፣ እናቱ ትፈልገዋለች» ብለህ ጻፍበት። ከአንተ የምፈልገው ይኸው ነው። ብር አትላክልኝ።

አክስትህ፣
እጅጋየሁ ዋኘው

*

ላይፕዚግ፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

የተከበሩ አክስቴ፣

ይህን የምጽፍልዎ ሰው ሊሳፈር ስለሆነ ተቻኩዬ ነው። ግጥምዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «የዋኘው ግቢ» ከተከፈተ እንዲህ ያለ ነገር አልገባበትም። ሰውአገኝ ልጅ ሆነን ዛፍ ላይ እየወጣ እንዴት እንደሚያስፈራራኝ ትዝ አለኝና ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

ፎቶውን እንዳሉኝ በሩ ላይ አድርጌዋለሁ። የገባ ሁሉ ከሁሉ በፊት እርሱን ያያል። ብዙ ሰው ልቡ ተነክቷል። ሌላም ካለዎት ይላኩልኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

አንዱዓለም

*

ኮሶዬ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአንዱዓለም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ፆሙን በሰላም ፈታን። በግ አላረድንም፤ ፅዮን እርሱ ሲመጣ እናርዳለን አለች።

ልቡ ተነክቷል ያልኸው ሰው ምን አለ? አየሁት ያለ አለ? እንዲህ ያለ ሰው ገዳሪፍ ላይ ነበር ያለ አለ? ምነው ይህን ሳትጽፍ ቀረህ? እግዚአብሔር ያጽናሽ ያልኸኝም አልገባኝም። ያን ቃል ለማን እንደሚሉት አንተም ታውቃለህ።

ምናልባት ፎቶው ደብዝዞ ከሆነ ምልክቱን ልንገርህ። በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት፤ ጥጃ ወግቶት ነው። ሲናገር መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይህንንም ጻፍበት።

መልስህን ቶሎ። እናትህ ዓይናዲስ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል።

እጅጋየሁ

*

ለዚህኛው መልስ አልመጣም። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔም አለፈ። ከዚያ ኢንተርኔቱ ተለቀቀ። ቀጥሎ ያለው ረቂቅ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ይታያል።

*

ኮሶዬ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

አንዱዓለም፣

ሰላምታ አላስቀድምም። ሰላም ቢኖረኝ እሰጥህ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ውጭ ላይ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ከብት ያልወጣበት ሰዓት ነው። በሩን ስከፍት አገሬው ከካቡ ሥር ተደርድሮ ተቀምጧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እንዲህ ሆነው ሲመጡ አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ሞቶ ቃል እንዳወጣ ሊጠሩኝ ነው አልሁ። ተመልሼ ነጠላዬን ፈለግሁ።

«ማን ቤት ነው?» አልሁ ነጠላዬን እያዘቀዘቅሁ።

 የፅዮን አባት አያ አዳሙ ከፊት ቆሟል፤ ባርኔጣውን አውልቆ በደረቱ ይዟል።

«አያ አዳሙ፣ ለማን ነው የምሄደው? ቶሎ በሉ እንጂ።»

«የትም አትሄጂም እጅጋየሁ። ቁጭ በይ።»

«ምነው?»

«እዚሁ ነው» አለ።

መርዶ እንዲህ እንደሚነገር አንተም ታውቃለህ። በውጭ ያለ ዘመድ ቀድሞ ይሰማል፤ ለእናት በቀጥታ አይናገርም፤ ለአገር ሽማግሌ ይነግራል፤ ሽማግሌው ሰው ሰብስቦ ማልዶ ይመጣል። ሰዎቹ ያጠፉት የለም። ሥርዓቱን ነው የጠበቁት። እኔም በየሰው ቤት እንዲሁ ማልጄ ሄጃለሁ።

«ማን ነገራችሁ?» አልሁ።

«አንዱዓለም።»

«ደወለ?»

«አልደወለም። አውጥቶታል።»

ስልኩን ሰጠኝ። ልጄ አለበት። ቀይ ቀሚስና ነጭ ጋቢ ለብሳ ከጎኑ የነበረችውን ፅዮንን ቆርጠህ አውጥተሃታል። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገኸዋል። ከሥሩ የሚበራ ሻማ ሥለሃል። ከላይ «ያለ መቃብር፦ በሱዳን ምድር ለቀረው ለአክስቴ ልጅ የእናቱ ሙሾ» ይላል።

«ይኸ እኮ ፈልጉልኝ ብዬ የላክሁት ፎቶ ነው» አልሁ።

«ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» አለች አንዷ ከኋላ።

የስልኩ መስተዋት ላይ ጣቴን አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። ጽሑፉ እየሸሸ ወደ ላይ ይሄድብኛል፤ አያ አዳሙ ይመልስልኛል። ሰሊጡ ታጨደ የሚለው አለ። ከዚያ በታች ሌላ ሰው ከማላውቀው አገር ገብቶ ቀጥሏል፦

አፈሩም አልታየ፣ መቃብሩም ጠፋ፣
በማን አገር ቀረ ያ የእናቱ ተስፋ።

ከእርሱም በታች ሌላ፣ ከእርሱም በታች ሌላ። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር። እስኪደክመኝ ወረድሁ፤ «ሞተ አላሉኝ» የሚለው የለም።

«ሁለተኛው የለም» አልሁ። «ቆርጦታል። ሁለተኛው ግጥሜ የለም።»

«ወይ ጉድ! ልጇ ሞቶ ግጥም ታርማለች» አሉ።

ይህን ጊዜ ፅዮን ከውስጥ ወጣች። ማንም ሳይነግራት ሰዎቹን አይታ ገባት። ያወጣችውን ድምፅ አልጽፍልህም። አንተ ትወስደዋለህ።

እኔ አላለቀስሁም። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ አላለቀስሁም። የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር። «ባሌ የሞተ ዕለት አስለቅሰሽኛል» ትለኝ የነበረች ሴት «ለሰው ስታነቢ ኖረሽ ለራስሽ ደረቅሽ?» አለችኝ። ለማን ላልቅስ? ሬሳውን ያየ የለም። አብሬው ነበርሁ ያለ የለም። «ምስክር ጥሩልኝ» ብዬ ሽማግሌዎቹን ለመንኋቸው። ቄስ ኪዳነ ማርያም የነፍስ አባቴ ናቸው፤ እርሳቸውም ፍትሐት ለማድረግ አመነቱ። «የሞቱን ነገር ያረጋገጠ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አያ አዳሙ ተነሥቶ «አባ፣ የገዛ አጎቱ ልጅ በዓለም ፊት መስክሯል። የተማረ ሰው ነው። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ የሚያወጣ ዘመድ ከየት አገር ሰምተው ያውቃሉ?» አለ።  ፍትሐቱ ተደረገ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። የምታውቀው ነገር አለ? ሞተ ብሎ የነገረህ ሰው አለ? ካለ ስሙን ጻፍልኝና እንደ ሰው ልጄን ላልቅሰው። ከሌለም የለም በል።

እጅጋየሁ

*

ላይፕዚግ፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩና የምወድዎት አክስቴ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎት። መልሱ የዘገየው ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ እምቢ ስላለኝ ነው።

በጣም አዝኛለሁ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ሲወጣ ኮሶዬ ላይ ኢንተርኔት አልነበረም፤ የሚያነቡት በሩቅ ያሉ፣ እኔን መሰል ሰዎች ናቸው ብዬ ነው። እርስዎ የላኩት ነገር ትልቅ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ክፍል ያስቀረሁት ግጥም አጠር ሲል ይበልጥ ስለሚወጋ ነው፤ አዘጋጅ የሚያደርገው ነገር ነው፣ በክፋት አይደለም። ፎቶውንም ያጠቆርኩት ለጽሑፉ እንዲስማማ ነው።

ደግሞ በዚያ ገጽ ላይ ምን እንደበቀለ ቢያዩ! ልጆቻቸውን ባሕር የበላባቸው፣ በረሃ የቀሩባቸው እናቶች እየገቡ ከእርስዎ ቃል ሥር የራሳቸውን ቃል አስቀምጠዋል። የሚያለቅሱበት ቦታ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። አንዷ «ልጄን ከሰባት ዓመት በኋላ ዛሬ ቀበርኩት» ብላ ጻፈች። ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት።

ዓለም አቀፍ የድርሰት በዓል ላይም እንድናገርበት ጠርተውኛል። ስምዎን እጠራለሁ።

አንዱዓለም

*

ኮሶዬ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንዱዓለም፣

የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነበር። እርሱን ትተህ ሌላውን ሁሉ መለስህልኝ።

አያ አዳሙ ጥቅምት ላይ በቅሎ ይዞ መጣ። ልጁን ፅዮንንና የልጅ ልጄን ጸሎትን ሊወስድ ነው። ዳባት ላይ የጠየቃት ሰው አለ ይባላል። በሩ ላይ ቆሜ «የባል ሚስትን ወዴት ትወስዳታለህ?» አልሁት።

«የባል ሚስት? ባሏን እኮ እኔና አንቺ በፍትሐት ፈታነው» አለ።

«አንተ ነህ ያስፈታኸው።»

«እኔ በቅሎ ነው የምነዳ እጅጋየሁ። ስልኩን ያመጣሁት እኔ፣ የጻፈው ያንቺ ሥጋ።»



ከዚያ ፅዮንን እጇን ያዝኋት። «አልሞተም» አልኋት። አንገቷን ደፍታ «እማማ» አለችኝ፣ «ካልሞተ ጥሎኝ ሄዷል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የትኛው እንደሆነ እያሰብሁ ተኝቼ አላውቅም። ሞቶ ይሻለኛል።»

ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አልፈረድሁባትም። ጠብቂ እያልሁ ያቆየኋት እኔ ነኝ፤ ተነሺ ያላት ግን ያንተ ሻማ ነው። ጸሎት በበቅሎው ላይ ሆና ዘወር እያለች አየችኝ።

ስለዚያች ልጇን ከሰባት ዓመት በኋላ ስለቀበረችው እናት ጽፈህልኛል። እግዚአብሔር ያጽናናት። እርሷ ወድዳ ቀበረች። እኔን ማን ጠየቀኝ? የእርሷ ዕንባ ስለጣፈጠህ ልጄን ጉድጓድ አድርገህ ቆፈርህላት?

የምልህ ይኸው ነው። ያን ገጽ ዝጋው። መዝጋት ካልሆነልህ የቆረጥኸውን ግጥም ከላይ መልስ፣ ሻማውን አጥፋ፣ «አልሞተም፣ እናቱ ትፈልገዋለች» ብለህ በትልቁ ጻፍ። ጠባሳውንም ጻፍ። አሁንም ደግሜ እጠይቅሃለሁ፤ ሞተ ያለህ ሰው አለ ወይስ የለም?

እጅጋየሁ ዋኘው

*

ላይፕዚግ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አክስቴ፣

ስለ ፅዮንና ስለ ልጅቷ ሰምቼ አልቅሻለሁ።

ለጥያቄዎ፦ የነገረኝ ሰው የለም። እንደሞተ ግን ተሰማኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፁ የጠፋ ሰው... እርስዎም በልብዎ ያውቁታል ብዬ አስቤ ነበር። ግጥሙ ውስጥ ሞት አለ አክስቴ። እኔ ያነበብኩት እርሱን ነው።

ገጹን መዝጋት አልችልም። ከእርስዎ ቃል ሥር ከአራት መቶ በላይ ሰው ሐዘኑን አስቀምጧል። ብዘጋው የእነርሱን ለቅሶ አብሬ እዘጋለሁ፤ ያ ደግሞ የእኔ አይደለም። ርእሱንም ብቀይረው በሥሩ ያለው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ግን ከታች በኩል «የዚህ ሰው መጨረሻ በእርግጠኝነት አይታወቅም» የሚል ማስታወሻ አክያለሁ። ሁለተኛውን ግጥምም እዚያው አስገብቻለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ፈራሁ። በዚያ በሰኞው ቀን ቃል አውጥተው ከሆነ፣ ወይም ሌላ ለቅሶ ላይ ሲያወጡ አንድ ሰው በስልክ ቢቀዳልኝ፣ የድምፅዎን ክፍል ልከፍትልዎ እፈልጋለሁ። እርስዎ ሲያልፉ እንዲህ ያለ ድምፅ ከምድር ይጠፋል።

አንዱዓለም

*

ለዚህ መልስ አልሰጠሁም። ረቂቁን ጀምሬ ነበር፤ «ድንኳን በማስታወሻ አይፈርስም» ብዬ ጽፌ እዚያ ላይ ቆሜያለሁ። ቀጥሎ ያለው የእርሱ የመጨረሻ ደብዳቤ ነው። ኢንተርኔት እያለ ይህንንም በወረቀት ነው የላከው።

*

ላይፕዚግ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

እናቴን ቀበራችኋት። እኔ እዚህ ነኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ብወጣ መመለስ አልችልም፤ ስለዚህ አልመጣሁም። ይህን ለምን ለእርስዎ እንደምነግር አላውቅም፤ ይፈርዱብኛል።

የአገር ልጆች ማልደው መጥተው በሬን አንኳኩ። ስከፍት ስድስት ሰው ቆሟል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ያን ጊዜ እርስዎን አሰብኩ።

እናቴ በልጅነቴ «እኔ ስሞት እጅጋየሁ ታልቅሰኝ፣ ሌላ ሴት መሐል እንዳትገባ» ስትል እሰማ ነበር። በቀብሩ ላይ እንደነበሩ ነገሩኝ። አክስቴ፣ ያወጡላትን ቃል ይጻፉልኝ። ለግቢው አይደለም። ለማንም አላሳይም። አንድ ቤት ግጥም እንኳ ቢሆን። በጆሮዬ ያልሰማሁትን በዓይኔ ላንብበው። እናቴ የተለቀሰች ይምሰለኝ።

ስለ ሰውአገኝ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ቃል እስከዛሬ አለመጻፌን አሁን ደብዳቤዎቹን ሳስባቸው ነው ያወቅኩት።

አንዱዓለም

*

ኮሶዬ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንዱዓለም፣

እናትህን ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልህ። አንተንም ያጽናህ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ፤ ሐዘን ላይ ያለን ሰው በነገር አልወጋም።

መጨረሻዋን ልንገርህ፤ ልጇ ነህ፣ ማወቅ ይገባሃል። ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኛችው። ከኮሶዬ ወርጄ አብሬያት ነበርሁ። የመጨረሻው ቀን ውሃ ጠይቃ ጠጣች። ያንተን ስም ሁለት ጊዜ ጠራች፣ ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራች። ገንዤያታለሁ። ከፒያሳ በታች ያለው ሰፈር ሁሉ ወጣ፤ ባጃጅ የሚነዱት ልጆች እንኳ ሥራቸውን ትተው አስከሬኗን ተሸከሙ። ሰው አልጎደላትም፣ አልተዋረደችም።

ቃሉን ጠይቀኸኛል። ቃል የለም።

ሴቶቹ መሐሉን ለቀቁልኝ። ከበሮ የምትመታዋ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀች። እናትህ እኔን ብላ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ገብቼ ቆምሁ። ዓይናዲስን እወድዳት ነበር፤ ሙሽራ ሆና ወደ አባቴ ግቢ ስትገባ በሩ ላይ የተቀበልኋት እኔ ነኝ። የሚባል ነገር ሞልቶኝ ነበር፤ አፌ ድረስ መጣ። ነገር ግን ቃሉን ላወጣ ስል ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። አንተ አዝዘሃቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ከደፈጫ የመጣች ሴት መሐል ገባች። እናትህ ሌላ ሴት እንዳትገባ ያለችውን ነገር ያፈረስሁት እኔ ነኝ፣ ይህንንም በአንተ አላሳብብም።

ለግቢው አይደለም፣ ለማንም አላሳይም ብለሃል። አምንሃለሁ። ዛሬ እውነትህን ነው። ፎቶውን የላክሁልህ ዕለትም እውነትህን ነበር።

ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ቄሱ እንድቀበል አዝዘውኛል። ይቅርታ ግን ፅዮንን አልመለሰልኝም፤ ዳባት ላይ ከአዲሱ ባሏ ፀንሳለች። ጸሎት አባትሽ ማን ነው ሲሏት የእንጀራ አባቷን ስም ትጠራለች አሉኝ። ሰውአገኝ ዛሬ ከካቡ በላይ ብቅ ቢል የሚገባበት ቤት የእኔ ብቻ ነው። አገሬው ደግሞ ጸበል ሳይረጭ አይቀርበውም።

ሰዎች አሁንም ለለቅሶ ይጠሩኛል። እሄዳለሁ፤ አፈር አለብሳለሁ፣ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ ከሐዘንተኛ ጋር አድራለሁ። ይህን አልተውም። ቃል ግን አላወጣም። ለእናትህ አላወጣሁም፤ ለአንተም ቀንህ ቢመጣ አላወጣም። ልጄ ሞቶ እውነተኛው መርዶ፣ ምስክር ያለው መርዶ ነገ ቢመጣልኝ፣ ተቀምጬ እሰማዋለሁ እንጂ ለእርሱም አልገጥምለትም። የእርሱ ቃል ከእኔ ዘንድ አልቋል፤ ያለው አንተ ዘንድ ነው። ከእንግዲህ ለማንም አላንጎራጉርም።